ያለ ማስረጃ የከሰስኩት ብርሃን



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ስህተት ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። ረዘም ያለ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ዓይናቸው የደከመ አባት ወይም እናት ያላችሁ ደግሞ በተለይ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ረመዳን፣ አንድ ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ነው። መብራት ጠፍቷል። ጀማዓው ተበትኖ እኔና አራት አምስት ወጣቶች የተረፈውን ተምርና ውሃ እየሰበሰብን፣ ምንጣፉን እያስተካከልን ነበር። ስልኬ ጠራ፤ ኢማማችን ናቸው። አንስቼ ማውራት ጀመርኩ። ድምፁ ሲቆራረጥብኝ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ለማየት ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ፊት ለፊቴ ያዝኩት። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ በሰልፊ ካሜራው ራሱንና ከኋላው ያለነውን እየቀረጸ ነበር። ድንገት፣

«ኡስታዝ! ስልክዎ የሆነ ነገር እየረጨ ነው!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ምንም አይታየኝም። ልጁ የራሱን ስልክ አዞረልኝ። በቪዲዮው ላይ ከስልኬ አናት፣ ድምፅ ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀና ብዬ ስልኬን በዓይኔ ሳየው ጨለማ ነው። በልጁ ስልክ ሳየው ብልጭ ብልጭ ይላል።

ወላሂ ፀጉሬ ቆመ። ዓይናችን የማያየው ነገር በየቀኑ ፊታችን ላይ ሲበራ ኖሯል!

በዚያው ሌሊት ሱሑር ሳይደርስ ለጀማዓችን የቴሌግራም ግሩፕ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ቪዲዮውንም አያያዝኩት። ምን እንዳልኩ አልደብቃችሁም። አንደኛ፣ ስልኮቻችን የማይታይ ጨረር ፊታችን ላይ ያበራሉ አልኩ። ሁለተኛ፣ አምራቾቹ ይህን ደብቀውናል አልኩ። ሦስተኛ፣ የብዙ ሰው ዓይን እየደከመ ያለው በዚህ ጨረር ነው አልኩ። አራተኛ፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ከስልክ ይራቁ አልኩ። ከአራቱ በማስረጃ የያዝኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ከፍርሃቴ የወጡ ናቸው።

ሰው በዓይኑ ያየውን ይቀበላል። ቪዲዮው ስላለ ማንም አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን የገዛ ድምፄ አዳማ ካለ የአክስቴ ልጅ ዞሮ መጣልኝ። «አንድ ታላቅ ዓሊም ያስጠነቅቃሉ» የሚል ርዕስ ተጽፎበታል። እኔ ዓሊም አይደለሁም። በልጅነቴ ደረሳ ሆኜ ቁርኣንና ጥቂት ኪታቦች የቀራሁ፣ ኢማሙ ሲርቁ የማሰግድ፣ ማታ ማታ ልጆች የማስቀራ ሰው ነኝ። ግን ያን ርዕስ ሳይ አላረምኩትም። ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ዛሬ ከሁሉ በላይ የማፍረው በዚያች ደስታ ነው።

በመስጂዳችን በመጀመሪያው ሰፍ የማይታጡ አንድ ሐጂ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከፈጅር በኋላ ሙስሐፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ እስክትወጣ ይቀራሉ። ከዓመት በፊት ጀምሮ ሙስሐፉን ወደ መስኮቱ እያስጠጉ «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ይሉ ነበር። ሴት ልጃቸው ጅዳ ትሠራለች። ስማርት ስልክ ገዝታ የላከችላቸው እሷ ናት። በየጁሙዓው ከሶላት በኋላ በኢሞ ትደውልና ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዓይናቸውን እንዲታከሙም ገንዘብ ልካ ነበር።

የእኔ ድምፅ በልጅ ልጃቸው ስልክ ደረሳቸው። ሐጂ አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? ከኋላዬ ይሰግዳሉ። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ለልጃቸው በመጨረሻው ጥሪ «ዓይኔን እያጠፋው ያለው ይኼ ነው፤ ኡስታዙ ነግሮናል» አሏት። ምክንያቱ ስለታወቀ ሐኪም ምን ያደርጋል? የሕክምናው ገንዘብ ለቤት ክዳን ጥገና ዋለ። «ስልኩን ትቼዋለሁ፤ እስቲ ትንሽ ልታገሥ፣ ይመለሳል» ይሉ ነበር።

አራት ወር ታገሡ።

አንድ ቀን ለፈጅር ሲመጡ ከዉዱእ ቦታው ደረጃ ላይ ወደቁ። ሮጬ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ክንዳቸው ተልጧል፤ ሌላ ጉዳት የለም፣ አልሐምዱሊላህ። «ሐጂ፣ ደረጃውን አላዩትም እንዴ?» አልኳቸው።

«በግራዬ በኩል ያለው ነገር ከጠፋብኝ ቆየ ልጄ። ስልኩን ከተውኩ ወዲህ ይሻለኛል ብዬ ነበር። አንተም ታውቃለህ» አሉኝ።

«አንተም ታውቃለህ» የምትለዋን ቃል ይዤ ፈጅርን ሰገድኩ። ምን እንደቀራሁ አላስታውስም።

በማግስቱ ይዣቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የዓይናቸው ግፊት ተለካ፤ ጠብታ ተደርጎላቸው ውስጡ ታየ። ቀኝ ዓይናቸው ላይ ያለው የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሳል ተባለ። የግራው ግን ግላኮማ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል፤ ከዳር ጀምሮ ያለ ሕመም እይታን ይወስዳል። የሞተው ነርቭ አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።

ሐጂ «ዶክተር፣ ከስልክ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «የምን ስልክ?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻል ነበር። «ስልኩ ዓይናቸውን ምንም አላደረገውም። የጎዳቸው ሳይታከሙ መቆየታቸው ነው» አለኝ። «አራት ወሩ ስንት ወሰደባቸው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱን በትክክል ሊነግርህ የሚችል ሰው የለም» አለ።

ከመናገሬ በፊት መማር የነበረብኝን መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያ መሐል ያለ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ነው። የሞተ ስልክ ከፈተና ከምስር ፍሬ የምታንስ ጥቁር ነገር በወረንጦ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ኡስታዝ፣ ጀማዓውን ያስፈራሩባት ይቺ ናት» አለኝ። ስሟ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ይባላል፤ የቅርበት መለኪያ ማለት ነው። ውስጧ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው የተመለሰውን ይቀበላል። ገደል ዳር ቆመህ ስትጣራ ገደል ማሚቶ ይመልስልህ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ብርሃኑ ሄዶ ጉንጭህ ላይ ካረፈና ከተመለሰ፣ ስልኩ «ሰውዬው ጆሮው ላይ አድርጎኛል» ብሎ ስክሪኑን ያጠፋል። ያኔ ጉንጭህ ጥሪውን አይዘጋውም፤ ባትሪውም ይቆጠባል።

ጠጋኙ ደውሎ የስልኩን አናት በጣቱ ሸፈነው፤ ስክሪኑ ጠፋ። ጣቱን አነሳ፤ በራ። ለዓመታት በየቀኑ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው። ማን እንደሚያጠፋው አንድም ቀን አልጠየቅሁም። አምራቾቹም አልደበቁትም፤ በየስልኩ መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ብርሃኑ ለምን አይታየንም? ዓይናችን የሚያየው የብርሃን ሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ380 እስከ 750 ናኖሜትር ያለውን ነው። ከቀይ ወዲያ ያለው ኢንፍራሬድ ይባላል። የስልክ ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ከ850 እስከ 940 ናኖሜትር ያለውን ነው። እንዲህ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ በየጥሪው ዓይንህ ሥር መብራት ብልጭ ድርግም ቢል ያስቸግርህ ነበር። የካሜራ ስሜት ግን ከዓይናችን ሰፋ ስለሚል ይህን ብርሃን በጥቂቱ ይይዘዋል፤ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ አድርጎም ያሳያል። የኋላ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬድ የሚከለክል ጠንካራ ማጣሪያ አላቸው፤ የሰልፊ ካሜራዎች ማጣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ሳሳ ይላል። ያን ሌሊት ልጁ በሰልፊ ካሜራ ባይቀርጽ ኖሮ ምናልባት ምንም አናይም ነበር።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ወደ ስልካችሁ የሰልፊ ካሜራ አዙራችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ያው ሐምራዊ ብልጭታ ይታያችኋል። በልጅነታችን ስንሻማበት የኖርነው ሪሞት የሚሠራው በዚሁ ብርሃን ነው።

ኢንፍራሬድ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሽል የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ወደ ቀለማት በትኖ በየቀለሙ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ወዲያ፣ ምንም ቀለም በሌለበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በላይ ሞቀ። እናቶቻችን ምጣዱ መስማቱን ሳይነኩት እጃቸውን ዘርግተው ያውቁታል። ያ እጅን የሚያሞቀው ነገር በአብዛኛው ኢንፍራሬድ ነው። ከእኔና ከእናንተ ገላም ሁልጊዜ ይወጣል።

ስለ ብርሃንና ዓይን ሳነብ ወደ ኢብኑል ሀይሠም ደረስኩ። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖረ፣ በስራ ተወልዶ ካይሮ የሠራ ሊቅ ነው። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነው ይሉ ነበር። እሱ «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሥራው የምናየው ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲገባ መሆኑን አስረዳ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ቀላል ነው። ኃይለኛ ብርሃን የሚያይ ሰው ዓይኑን ያመዋል፤ ስለዚህ ወደ ዓይን የሚገባና በዓይን ላይ ሥራ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። እሱ እየፈተነ የተናገረበትን ጉዳይ እኔ ሳልፈትን ተናገርኩበት።

ወደ ልኩ እንምጣ። ጥያቄው «ጨረር አለ ወይ?» አይደለም፤ «ስንት ነው?» ነው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው። አንድ መዳፍ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ፀሐይ ላይ የዘረጋኸው እጅህ 5 ዋት ያህል ኢንፍራሬድ ይቀበላል። የስልኩ ሴንሰር የሚልከው ብልጭታ ግን እያንዳንዱ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ በመካከሉ ያርፋል። አማካዩ ኃይሉ የሚቆጠረው በሺህኛ ዋት ነው። እሱም ተበትኖ ይወጣል። ደግሞ በስልክ ስናወራ ያቺ ነገር የምታየው ጉንጫችንንና ጆሯችንን ነው።

ለዓይን የተቀመጠ ወሰንም አለ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ እንዲህ ዓይነት ጨረሮች ጥበቃ የሚሠራው ኮሚሽን፣ በምህጻሩ ኢክኒርፕ የሚባለው፣ ከ1,000 ሰከንድ በላይ ዓይን ላይ የሚያርፍ ኢንፍራሬድ በካሬ ሜትር ከ100 ዋት እንዳይበልጥ ይላል። የስልክ ሴንሰር ከዚህ ወሰን እጅግ በታች ነው። አሁን አሁን አንዳንድ ስልኮች በተለመደው አምፖል ፈንታ ጥቃቅን ሌዘር ይጠቀማሉ። የአፕል አይፎን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፊት ለመለየት ከ30,000 በላይ የማይታዩ ነጥቦችን ፊት ላይ ይበትናል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚሠሩት «ክፍል 1» በሚባለው የሌዘር ደረጃ ነው፤ በተለመደ አጠቃቀም ዓይን አይጎዳም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሁለተኛ ስህተት ልሠራ ነበር። አንድ ጁሙዓ ወጣቶቹን ሰብስቤ «ተሳስቼ ነበር፤ ኢንፍራሬድ ምንም አያደርግም» አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ ብየዳ ቤት ይሠራል። እየሳቀ «እንግዲያው ኡስታዝ፣ መነጽሩ ምን ያደርግልኛል? ሲያልበኝ እጥለዋለሁ» አለ። ደነገጥኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ሰው አስፈራሁ፤ አሁን ደግሞ መፍራት ያለበትን ሰው ላዘናጋ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ኢንፍራሬድ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። ድሮ በአውሮፓ የመስታወት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከነበልባሉ ፊት የቆሙ ሠራተኞች በሞራ ይያዙ ስለነበር በሽታው በሥራቸው ስም «የመስታወት ነፊዎች ሞራ» ተብሎ ተጠራ። ብረት አቅልጦ በሚሠራ ሰው ላይም ይደርሳል። ምክንያቱ የዓይን ሌንስ በረጅም ዘመን ሙቀት መጎዳቱ ነው። ሁለተኛም አለ። ለሚታይ ብርሃን ቅርብ የሆነው ኢንፍራሬድ በሌንሱ አልፎ እስከ ዓይን ጀርባ፣ እስከ ሬቲና ይደርሳል። የሚታይ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣ እንጨፍናለን፣ ፊታችንን እናዞራለን። የማይታየው ሲመጣ ግን ዓይን አይጨፍንም። ወሰን የተበጀለትም ለዚህ ነው። ያን ሌሊት «የማይታይ ስለሆነ ያስፈራል» ብዬ ሳስብ ጥያቄዬ ስህተት አልነበረም። ስህተቴ ጥያቄውን እንደ መልስ አድርጌ መላኬ ነው።

እንግዲያው በከተማችን ለዓይን በእርግጥ የሚያሰጉት ምንድን ናቸው?

አንደኛ፣ ብየዳ። የብየዳ ብልጭታ ኢንፍራሬድም አልትራቫዮሌትም አለው። አልትራቫዮሌቱ የዓይንን ፊት ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ሌሊት ነው፤ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። ወንድሜ፣ መከለያህን አትጣል። የምታልፉም ቆማችሁ አትዩ፤ ልጆችንም አታሳዩ።

ሁለተኛ፣ ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት መስሎ የታየውን የፀሐይ ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ያለ ቀን በባዶ ዓይን ወይም በተራ የፀሐይ መነጽር ማየት ሬቲናን ይጎዳል። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛ፣ በየመንገዱ እንደ መጫወቻ የሚሸጡ ሌዘሮች። ሌዘር ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም ተሰብስቦ በአንድ መስመር ስለሚሄድ ሬቲና ላይ በአንዲት ነጥብ ያርፋል። አንዳንድ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ደግሞ ከሚታየው አረንጓዴ ጋር ማጣሪያ ያልተደረገበት የማይታይ ኢንፍራሬድ ሌዘር ይለቃሉ። ከስልክ ሴንሰር ይልቅ ልጆቻችንን ከዚህ እንጠብቅ።

አራተኛ፣ ስልኩ ራሱ። ጨረሩ ሳይሆን አጠቃቀማችን። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይናችንን ቆብ የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ነው፤ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። ቀና ብላችሁ ሩቅ ተመልከቱ፤ ዓይናችሁን አሳርፉ። ልጆች ደግሞ ቀን ቀን ውጭ ወጥተው ይጫወቱ፤ ከቤት ውጭ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉ ልጆች ሩቁን ለማየት የመቸገር ዕድላቸው ያነሰ መሆኑ በጥናት ታይቷል።

አምስተኛና ዋነኛው ለሕክምና መዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ነበር። ሞራ ይታከማል። ትራኮማ ከጊዜው ከተደረሰበት ይታከማል። ግላኮማ ከተደረሰበት ይገታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው ሐኪም ዘንድ ከሄደ ነው። በሐሰት የተከሰሰ ነገር ቤት ውስጥ ካለ ግን ማንም አይሄድም። ስልኩ ይታሰራል፤ እውነተኛው በሽታ በነፃነት ሥራውን ይሠራል።

ወንድሞቼ፣ እኔ ለልጆች ሐዲሥ ሳስተምር አንዱ ዘጋቢ ከማን ሰማ፣ ያስተላለፈው ሰው ታማኝ ነው ወይ እያልኩ ስለ ኢስናድ አስተምራለሁ። ዑለማዎቻችን ስለ አንድ ንግግር ከከተማ ከተማ የተጓዙበት ሃይማኖት ልጅ ነኝ። ያን ሌሊት ግን ገበያ መሐል ካለው ጠጋኝ ለመጠየቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ መሄድ አቃተኝ። እስከ ጠዋት መታገሥ እንኳ አቃተኝ።

ማረሚያውን በድምፅ ቀርጬ በዚያው ግሩፕ ልኬዋለሁ። «ያስተላለፋችሁ ሁሉ ይህንንም አስተላልፉ» ብዬ ለምኛለሁ። የመጀመሪያው በሦስት ቀን አዳማ ደርሶ ነበር። ይኸኛው ከግሩፓችን ብዙም አልወጣም። የአክስቴን ልጅ ራሴ ደውዬ ነገርኩት፤ «ያኛው ግን ቪዲዮ ነበረው» አለኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። የድሮ ድምፄ የደረሳችሁ ካላችሁ ይህን ለላከላችሁ ሰው መልሳችሁ ላኩለት።

የሐጂ ቀኝ ዓይን ተሠርቷል። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ስልኩን ከሣጥን አውጥቼ ቻርጅ አደረግሁላቸው። ልጃቸው ደወለች። ፊቷን አይተው ብዙ አለቀሱ፤ «ከስተሻል» አሏት። ጥሪው ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያቺ መብራት አሁንም እዚህ ውስጥ አለች?» አሉኝ።

«አለች ሐጂ» አልኳቸው።

«ተዋት፤ ሥራዋን ትሥራ» አሉ።

ዐፍው እንዲሉኝ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ብለውኛል። የግራው ዓይን ግን ከሄደበት አልተመለሰም። ጠብታውን በየቀኑ በሰዓቱ የሚያደርጉላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ እኔም አስታውሳለሁ። በሶላት መጨረሻ ወደ ግራ ሲያሰላምቱ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው አያዩትም። አንዳንድ ቀን እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አባታችሁ «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ካሉ፣ እናታችሁ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታቸው፣ ምክንያቱን ከግሩፕ አትፈልጉ። እጃቸውን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።